የጠጠረ ሲሚንቶ ረቂቅ ቀዳዳዎች፥ ለእርሻ ሥራ የሚያመጡትም ጥቅምና ጉዳት

የውኃ ገንዳ፥ የመስኖ ቦይ፥ የጎተራ ወለል፥ የከብት ማጠጫና የቡና ማጠቢያ በሲሚንቶ መሠራቱ በየአውራጃው እየበዛ በመሄዱ፥ ገንዘቡን የሚያወጣው ባለመሬትም ሆነ ሥራውን የሚረከበው ሹም የዚህን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ከጠጠረ በኋላ እንደ ባልጩት ድፍን ሆኖ የሚቀር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። የጠጠረ ሲሚንቶ ለዓይን ድፍን መስሎ ቢታይም፥ ውስጡ እጅግ በረቀቁ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ገንዳው ውኃ መያዙ ወይም ማፍሰሱ፥ ወለሉ መድረቁ ወይም መርጠቡ፥ ግንቡም መጽናቱ ወይም መፍረሱ የሚወሰነው በነዚህ ቀዳዳዎች ብዛትና ስፋት፥ ደግሞም እርስ በርሳቸው በመገናኘታቸው ነው።

ይህ ነገር ለባላገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አዲስ እንስራ ውኃ ሲሞላበት ውጩ ያልበዋል፤ ውኃውም የሚቀዘቅዘው በሸክላው ረቂቅ ቀዳዳ እየወጣ ስለሚተን ነው። አዲስ ምጣድም ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ማሟሸት ማለት የሸክላውን ቀዳዳ በቅባት መድፈን ነውና። ሲሚንቶም እንዲሁ ቀዳዳ ያለው ሲሆን፥ ልዩነቱ ቀዳዳው የሚሰፋውም የሚጠበውም በሥራው ጊዜ በሚደረገው ነገር መሆኑ ነው። ይኸውም በሁለት ነገር ይጠቃለላል፤ ሲቦካ በሚጨመረው የውኃ ልክና ከተገነባ በኋላ እርጥብ ሆኖ በሚቆይበት ቀን ብዛት።

1ኛ፤ ሲሚንቶ እንዴት እንደሚጠጥር

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር በአንድነት ተፈጭቶ፥ 1450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ከተጠበሰ በኋላ፥ ከጥቂት ጄሶ ጋራ እንደ ዱቄት ደቅቆ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚለውን ስም አውጥቶ የሥራ መብቱን በመንግሥት ያስመዘገበው ጆሴፍ አስፕዲን የሚባል እንግሊዛዊ ግንበኛ ሲሆን፥ ዘመኑም እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር 1824 ነበር። ስሙን የሰጠው፥ ሲጠጥር በፖርትላንድ ደሴት የሚፈለጠውን የሕንፃ ድንጋይ ስለሚመስል ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን፥ በድሬዳዋ ነው።

የሲሚንቶ መጠንከር መድረቅ አለመሆኑን አስቀድሞ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጭቃ ውኃው ሲተን ይደርቃል፤ ዝናም ሲነካው ደግሞ ተመልሶ ይሟሟል። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውኃውን ከራሱ ጋራ አዋሕዶ ሌላ ነገር በመሆን ነው። ስለዚህ በውኃ ውስጥ እንደ ተዘፈቀ ሊጠነክር ይችላል፤ ውኃ ሲያጣ ግን ገና ሳይጠነክር ሥራው ይቆማል። ከዚህ ውሕደት የሚወጣው ዋናው ነገር እንደ ሙጫ ያለ፥ እጅግ የረቀቀ፥ አሸዋውንና ጠጠሩን የሚያያይዝ ነው። ከእርሱም ጋራ በውኃ ሊሟሟ የሚችል ኖራ ይወጣል። አንድ ሊትር ድፍን ሲሚንቶ ሁሉ ሲለወጥ ከሁለት ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ስፍራ ይሞላል። የጽናቱም ምሥጢር ይህ ነው፤ ሲሚንቶው እያደገ ውኃው ይዞት የነበረውን ስፍራ ይሞላዋል።

2ኛ፤ ሦስቱ የቀዳዳ ዓይነቶች

ይህን ጉዳይ በሚገባ መርምረው የገለጹት ፓወርስና ብራውንያርድ የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ናቸው። የምርመራቸው ውጤት እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1946 እና በ1947 ታትሞ ወጣ። የእነርሱም ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ለዚህ ትምህርት መሠረት ሆኖ ይሠራበታል።

የመጀመሪያው ዓይነት በሙጫው ውስጥ ያለው ቀዳዳ ነው። ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፥ የሁለት ክፋይ ያህል ነው። ከሙጫው ስፍራ ከመቶው 28 እጅ ያህሉ ይህ ቀዳዳ ነው። ከረቀቀነቱም የተነሣ፥ በአንድ ግራም የደረቀ ሙጫ ውስጥ ያለው ገጽ ሁሉ ቢዘረጋ 200 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ቀዳዳ ከሲሚንቶው ባሕርይ የማይለይ ስለ ሆነ ሠራተኛ ሊያጠፋው አይችልም፤ ውኃም በእርሱ ማለፍ እጅግ ይቸግረዋል። ስለዚህ ገንዳ የሚያፈሰው በዚህ ቀዳዳ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው የትርፍ ውኃ ቀዳዳ ነው። ሲሚንቶ ሲቦካ ከሚያስፈልገው በላይ ውኃ ከተጨመረ፥ ሙጫው አድጎ ስፍራውን ሁሉ መሙላት አይችልም። ውኃው የነበረበት ስፍራ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቀዳዳ ከመጀመሪያው በብዙ አሥርና በብዙ መቶ እጥፍ ሊሰፋ ይችላል፤ እርስ በርሱም እንደ ምስጥ መንገድ ይገናኛል። ውኃ፥ ጨውና አሲድ የሚገቡት በዚህ መንገድ ነው። ሹምና ባለመሬት ሊጠነቀቁበት የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ሁለተኛው ቀዳዳ ነው።

ሦስተኛው የአየር ቀዳዳ ነው። አርማታው ሲፈስ በሚገባ ካልተጠቀጠቀ፥ አየር በውስጡ ታፍኖ እንደ እንጀራ ዓይን የሚታይ ቀዳዳ ይሆናል። አርማታው ከመቶው 5 እጅ አየር ቢይዝ ጽናቱ ከመቶው 30 እጅ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ይህን ጉድለት ካሳፎርማው በተነሣ ጊዜ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ሁለተኛው ዓይነት ግን ለዓይን አይታይምና፥ በልስን ከመሸፈኑ በፊትም ቢሆን ተመልካችን ያታልላል።

3ኛ፤ የአንድ ከረጢት ሒሳብ

ነገሩ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፥ በዱቄቱ መካከል ያለው አየር ሳይቆጠር፥ 16 ሊትር ያህል ስፍራ ይይዛል። ሁሉም ከውኃ ጋራ ተዋሕዶ ሲያልቅ 34 ሊትር ያህል ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን አያድግም። እንግዲህ በውኃው ልክ የሚሆነው እንዲህ ነው፤

በ20 ሊትር ውኃ ቢቦካ፥ ሲሚንቶውና ውኃው 36 ሊትር ይሆናሉ። ሙጫው 34 ሊትሩን ስለሚሞላ የሚቀረው ባዶ ስፍራ 2 ሊትር ብቻ ነው።

በ30 ሊትር ውኃ ቢቦካ፥ ሁለቱ 46 ሊትር ይሆናሉ፤ ባዶ ስፍራውም 12 ሊትር ነው።

በ40 ሊትር ውኃ ቢቦካ፥ ሁለቱ 56 ሊትር ይሆናሉ፤ ባዶ ስፍራውም 22 ሊትር ነው።

ጽናቱ የሚቀንሰው ደግሞ በባዶው ስፍራ ልክ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። በፓወርስ ሒሳብ መሠረት፥ በ20 ሊትር የተቦካው ጽናት 100 ቢባል፥ በ30 ሊትር የተቦካው 48 ያህል፥ በ40 ሊትር የተቦካው 27 ያህል ይሆናል። ከዚያ አስቀድሞ፥ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1918፥ ዳፍ ኤብራምስ የተባለው የቺካጎ መሐንዲስ ብዙ አርማታ እየሰበረ ከፈተነ በኋላ፥ የአርማታ ጽናት ከሁሉ ይልቅ የሚወሰነው ውኃው ከሲሚንቶው ጋራ ባለው ሚዛን መሆኑን አስታውቆ ነበር። የኋለኞቹ ሊቃውንት ምክንያቱን በቀዳዳው አስረዱ።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር ትልቅ ነው። በየሥራው ቦታ የሚቆጠረው ከረጢት ነው፤ ከረጢት እንዳይሰረቅ ዘበኛ ይቆማል፤ ወጪና ገቢው በመዝገብ ይጻፋል። ውኃ ግን ማንም አይቆጥረውም። ግንበኛው አርማታው በቀላሉ እንዲፈስለት፥ አንድ ባልዲ ይጨምርበታል፤ ሥራውም ይቀለዋል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ያቀለለለት ውኃ የግንቡን ጽናት ይዞበት ይሄዳል። ስለዚህ ከረጢቱ ሁሉ ሳይጎድል በሥራው ላይ ቢውልም፥ ባልተቆጠረው ውኃ ምክንያት ግማሹ ሲሚንቶ እንደ ተሰረቀ ያህል ጉዳት ሊደርስ ይችላል።

4ኛ፤ ውኃ ማጠጣትና የቀኑ ብዛት

ሙጫው የሚያድገው በአንድ ቀን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ያድጋል፤ ከዚያም እየቀዘቀዘ ለብዙ ወራት ይቀጥላል። እያደገ ሲሄድ የትርፍ ውኃውን ቀዳዳ ከቦታ ቦታ ይዘጋዋል፤ መንገዱም ይቋረጣል። መንገዱ በተቋረጠ ጊዜ የውኃ ማሳለፉ ነገር ከመጀመሪያው ጋራ ሲተያይ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ፓወርስና የሥራ ጓደኞቹ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1959 እንዳስታወቁት፥ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ለሚቆይ ተራ ሲሚንቶ ቀዳዳው የሚቋረጥበት ጊዜ በአንድ ከረጢት ውኃ ልክ እንዲህ ነው፤

በ20 ሊትር፥ 3 ቀን።
በ22 ሊትር ተኩል፥ 7 ቀን።
በ25 ሊትር፥ 14 ቀን።
በ30 ሊትር፥ 6 ወር።
በ35 ሊትር፥ 1 ዓመት።
ከ35 ሊትር በላይ ከሆነ፥ ምንም ያህል ቢቆይ አይቋረጥም።

ይህን ሰንጠረዥ ያስተዋለ ሰው፥ ውኃ የበዛበትን ገንዳ በኋላ በልስን ለማዳን መድከም ስለ ምን ዋጋ እንደማይገኝበት ይረዳዋል። ደግሞም አንድ የውኃ ባልዲ ከመጨመር የሚገኘው ምቾት፥ የሁለት ሳምንቱን ማጠጣት ወደ ስድስት ወር እንደሚያራዝመው ያያል። ስድስት ወር ሙሉ ቦይ እያጠጣ የሚቀመጥ ሠራተኛ የለምና፥ ሥራው እንደ ተበላሸ ይቀራል።

በቀዳዳው ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶው ወደ 80 እጅ ሲወርድ፥ የሙጫው ማደግ ይቆማል። በደጋ አገር በበጋ ወራት ፀሓዩ ብርቱ፥ ነፋሱም ደረቅ ስለ ሆነ፥ ሳይሸፈን የተተወ የቦይ ገጽ ፈጥኖ ወደዚህ ይደርሳል። ይልቁንም የሚጎዳው ውኃ የሚነካው የላይኛው ገጽ መሆኑ የከፋ ነው። ስለዚህ ገለባ፥ ጆንያ ወይም እርጥብ አሸዋ አልብሶ፥ ቀንም ሌሊትም ሳይደርቅ ማቆየት ይገባል። ጧት አንድ ጊዜ አጠጥቶ እስከ ማታ ሲደርቅ መተው እንደ ማጠጣት አይቆጠርም።

5ኛ፤ በቀዳዳው የሚመጣው ጉዳት

በእህል ጎተራ የሚደርሰው ጉዳት ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ነው። ውኃ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀዳዳው በጠበበ መጠን ከፍ ብሎ ይወጣል። ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ 3 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ሲወጣ፥ ስፋቱ የሚሊሜትር መቶኛ እጅ በሆነ ቀዳዳ 3 ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ወለሉ በቀጥታ በአፈር ላይ ከተሠራ፥ ከታች ያለው ርጥበት ወደ እህሉ ደርሶ ሻጋታ ያመጣል። በሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ እንደዚህ ያለውን ጉድጓድ በሲሚንቶ ለመለሰን የሚፈልግ ሰውም ይህንኑ ማሰብ አለበት። መድኃኒቱ ከወለሉ በታች ርጥበት የማይስብ ጠጠር ማንጠፍና በላዩ ላስቲክ ወይም ሬንጅ ማድረግ ነው።

በውኃ ሥራ ደግሞ፥ ከተራራ የሚወርድና ከዝናም የሚጠራቀም ለስላሳ ውኃ በቀዳዳው እያለፈ ኖራውን አሟሙቶ ያወጣዋል። በገንዳ ውጭ ግድግዳ ላይ የሚታየው ነጭ ዝርግ ምልክት ይህ ነው። ኖራው በወጣ ቍጥር ቀዳዳው ይሰፋል፤ ቀዳዳው በሰፋ ቍጥር ደግሞ ብዙ ኖራ ይወጣል። ስለዚህ ነጩን ምልክት ጠርጎ ቀለም መቀባት በሽታን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

እንደ መካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ጨው በሚበዛበት መሬት፥ የጨው ውኃ በቀዳዳው ገብቶ ሲደርቅ፥ ጨው ውስጡ ይረጋና ገጹን እየፈነቀለ ያወርደዋል። ሰልፌት የሚባለው የጨው ዓይነት ከዚህም አልፎ ከሲሚንቶው ጋራ እየተዋሐደ ያሳብጠዋል፤ ይሰነጥቀዋልም። በቡና ማጠቢያ ገንዳ የሚብላላው የቡና ልጋግ፥ በወተት ቤትም ወለል ላይ የሚፈስ እርጎና አሬራ አሲድ ስላላቸው ሙጫውን ራሱን ይበሉታል። እንዲህ ባለው ቦታ ውኃው ያነሰ፥ የተጠቀጠቀና ገጹ የለሰለሰ ሥራ ዕድሜው ይረዝማል፤ በየዕለቱም በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ፌሮ ያለበት አርማታ ከሆነ ደግሞ የሚጠብቀው የኖራው ኃይል ነው። አየርና ውኃ በቀዳዳው እየገቡ ይህን ኃይል ሲያደክሙት ፌሮው ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ስፍራ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ለውኃ ሥራ ፌሮው ከገጹ ቢያንስ 4 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ መግባት አለበት።

በመጨረሻም፥ ሲሚንቶ በረቂቅ ቀዳዳው ያለው ውኃ ሲወጣ ይኰማተራል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው የአርማታ ቦይ ሲደርቅ ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ያህል ሊያጥር ይችላል። መገናኛ ካልተተወለት ራሱ በፈለገበት ቦታ ይሰነጠቃል። የስንጥቅ ስፋት ሁለት እጥፍ ሲሆን፥ የሚያፈሰው ውኃ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቦይ በየ3 ወይም በየ4 ሜትሩ መገናኛ ተትቶለት፥ መገናኛው በሬንጅ ሊሞላ ይገባል።

6ኛ፤ ቀዳዳ ጠቃሚ የሚሆንበት ጊዜ

ቀዳዳ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ከሚወጣው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ብሎኬት ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ፥ ለመሸከም ይቀላል፤ የቀን ሙቀትንና የሌሊት ብርድንም ይከላከላል። ለዶሮ ቤትና ለመጋዘን ግድግዳ መልካም ነው። ለገንዳና ለቦይ ግን እርሱን መጠቀም አይገባም።

ይኸው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ዱቄት ደቅቆ ከሲሚንቶ ጋራ ሲቀላቀል ሌላ ጥቅም አለው። የሮም ሰዎች በጣሊያን አገር ፖዙኦሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ የሚወጣውን አመድ ከኖራ ጋራ እያዋሐዱ የባሕር ወደብ ሠርተውበታል፤ ፖዞላና የሚለውም ስም ከዚያ መጣ። በኢትዮጵያ ፋብሪካዎችም ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ይሠራል። ይህ ዱቄት በውኃ የሚሟሟውን ኖራ ይዞ ወደ ሙጫ ስለሚለውጠው ቀዳዳው ይጠባል። ነገር ግን ሥራው የዘገየ ስለ ሆነ፥ ከ14 ቀን ላላነሰ ጊዜ በሚገባ ካልተጠጣ ጥቅሙ ይቀራል።

7ኛ፤ ሥራ የሚያዝና የሚረከብ ሰው ሊመለከተው የሚገባ

ሀ. ለውኃ ሥራ በአንድ ከረጢት ከ25 ሊትር የሚበልጥ ውኃ እንዳይጨመር በውሉ ላይ ይጻፍ። ልኩ የታወቀ ባልዲ ይዘጋጅ፤ በመዝገቡም ላይ ከከረጢቱ ቍጥር አጠገብ የውኃው ሊትር ይመዝገብ።

ለ. አሸዋ የያዘው ውኃ አብሮ ይቆጠር። 100 ኪሎ አሸዋ ከመቶው 5 እጅ ቢረጥብ 5 ሊትር ውኃ ይዟል ማለት ነውና፥ በክረምት ይህ ከባልዲው ይቀነስ።

ሐ. አሸዋው በጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋራ ተንጦ ይቀመጥ። በላዩ የሚረጋው ደለል ከመቶው 6 እጅ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ።

መ. አርማታው በቀላሉ አልፈስ ካለ ውኃ ብቻ መጨመር ክልክል ይሁን። ሲሚንቶና ውኃ በልኩ አብረው ይጨመሩ፤ ወይም ጠጠሩ ይቀነስ፤ በብርቱም ይጠቅጠቅ።

ሠ. የማጠጫው ዋጋና ሠራተኛ በውሉ ውስጥ ራሱን ችሎ ይገመት፤ ቀኑ ሳይፈጸም የመጨረሻው ክፍያ አይከፈል።

ረ. ገንዳ ከመረከቡ በፊት ይሞላና፥ ግድግዳው እስኪጠጣ 7 ቀን ይቆይ። ከዚያ የውኃው ከፍታ ምልክት ተደርጎበት ሌላ 7 ቀን ይጠበቅ። በአጠገቡ ውኃ የሞላበት ሰፊ ዕቃ ይቀመጥ፤ ከዚያ ዕቃ የጎደለው በፀሓይ የተነነው ነው። ገንዳው ከዚያ አብልጦ ከጎደለ ያፈሳል ማለት ነው።

ሰ. በደረቀ ወለል ላይ ጥቂት ውኃ ይንጠብጠብ። ጠብታው ወዲያው ከተመጠጠ ገጹ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ቆይቶ ከተነነ ግን መልካም ምልክት ነው።

በአንድ መንደር የተሠራ ገንዳ ቢያፈስ የሚጠፋው ሲሚንቶ ብቻ አይደለም። ለበጋ የተጠራቀመው ውኃ ይጠፋል፤ ውኃውን ተማምኖ የተተከለው አትክልት ይደርቃል፤ ከብቱም ወደ ሩቅ ወንዝ ይነዳል። ገንዘቡንና ጉልበቱን ያዋጣው ሕዝብም ሌላ ጊዜ ለመልካም ሥራ ሲጠራ ይጠራጠራል። ይህን ሁሉ ጉዳት ለማስቀረት የሚያስፈልገው አንድ የተለካ ባልዲ፥ ጥቂት እርጥብ ጆንያና ቀኑን ቈጥሮ የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ነው። ሲሚንቶ ሲገዛ ከረጢቱን እንደሚቆጥር ሁሉ፥ ሲቦካ ውኃውን፥ ሲጠነክርም ቀኑን የሚቆጥር ሹምና ባለመሬት፥ ሥራው ለልጅ ልጅ ይተርፍለታል።